ከሞላው ሥር የወጣ ጆሮ

«ውሃ ነው እኮ ያልኩሽ» አለ ኒላስ፣ በጎኑ ከተጋደመው፣ በረዶ ላይ ከሚነዱት ሞተር ሥር አንገቱን ሳያወጣ።

«‹ሙቅ ነገር አምጪልኝ› ብለህ ጮህክ፤ ሙቅ ነገር አመጣሁ» አለች ራቭና። በሁለት እጇ የያዘችው ጣሳ እስከ አፉ የአጋዘን ሾርባ ነበር።

«ለእኔ መሰለሽ? ለሞተሩ ነው። የኋላ እግሩ በረዶ ጨብጦ አልላቀቅ አለኝ።»

«እንግዲህ ሞተሩ ካልጠጣው አንተ ጠጣው። የወንድሜን ስጦታ እንዳትደፋው ብቻ።»

ተነሣና ጠጣው። ቅልጥሙ የቀለጠበት፣ ከንፈር የሚያጣብቅ ሾርባ ነበር። ራቭና ጣሳው ባዶ እስኪሆን ጠብቃ ውሃ ልታመጣ ተመለሰች። ሥጋው ወንድሟ ዮቭና የተዋሰውን ይህንኑ ሞተር ባለፈው ሐሙስ ሲመልስ ካመጣው ሙሉ ታፋ ነው። ዮቭና በመስጠት የሚታወቅ ሰው አልነበረምና፣ ራቭና ታፋውን ለመንደሩ ሁሉ ሳታወራ አላደረችም።

ኒላስ የአጋዘን መንጋው ወደ ባሕሩ ዳር ከመውረዱ በፊት በየዓመቱ ይህን ሥራ ይሠራል። ለጋራዥ ሰው አይሰጥም። «ለሞተሩ የሚያሳየውን ርኅራኄ ግማሹን ለእኔ ቢያሳየኝ ወፍሬ ነበር» ትላለች ሚስቱ። ዘንድሮ ግን ሥራው ከወትሮው ይበልጥ አስጨንቆታል። የመንጋው ፊታውራሪ ሙዜት ጠፍቷል። ያ ጥቁር አጋዘን ቃጭሉን እያንቃጨለ ከፊት ሲሄድ ሌሎቹ እንደ ክር ይከተሉት ነበር። ከእንግዲህ ያለ እሱ መንጋውን በቀዘቀዘው ሐይቅ ላይ የሚያሻግረው ይኸው ሞተር ብቻ ነው። ሐይቁ መሐል ላይ የኋላ እግሩ ቢከዳው መንጋው ይበተናል።

በረዶ ላይ የሚሽከረከረውን ሰፊ የጎማ ቺንጋ አላልቷል፤ የኋላውን እግር ከሞተሩ ሆድ ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች ፈቷል። ራቭና ውሃውን አምጥታ ቀስ እያለች አፈሰሰችበት። በረዶው ተንጣጣና ለቀቀ። ኒላስ ከነሞላው፣ ከነትንንሽ ጎማዎቹ እንደ በሬ ጎድን ጎትቶ አወጣውና በአሮጌ ቆዳ ላይ አስተኛው። ጎማዎቹን በጣቱ እያሽከረከረ ጆሮውን አስጠጋ።

«ይቺኛዋ ኩሽኔታ ታንጎራጉራለች።»

«እንደ ባለቤቷ» አለች ራቭና።

ሳቅ ብሎ ከሞላው ሥር የቀረውን በረዶ በካቻቪቴ ጠረገ። ግግሩ ወለሉ ላይ ወድቆ ተሰበረ። ሁሉም እየቀለጠ አንዱ ቁራጭ ግን አልቀለጠም። መጀመሪያ የተቀደደ ጓንት መሰለው። አንሥቶ በውሃው አጠበው።

ጆሮ ነው፤ የአጋዘን ጆሮ።

በዚያ አገር ባለቤት አጋዘኑን የሚለየው ጆሮው ላይ በሚቆርጠው ምልክት ነው፤ ልጅም ከፊደል በፊት የጆሮ ምልክት ይማራል። ከፊት በኩል ሁለት ጥርስ፣ ከኋላ አንድ ሽንቁር፤ ከአያቱ የወረደ የኒላስ ምልክት። ፀጉሩ ጥቁር ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ የወተት ጠብታ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች። ይህች ነጥብ ያለችው በሙዜት ጆሮ ላይ ብቻ ነበር።

ኒላስ ቀና ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያለ ምስማር ላይ አረፈ። የሙዜት ቃጭል እዚያ ተሰቅሏል። ሙዜት በጠፋ ጊዜ ያመጣው ዮቭና ነው። ዓይኑ ቀልቶ በር ላይ ቆመና «ተኩላ ነው፣ ኒላስ። ከዚህ በቀር ምንም አላገኘሁም» አለው። ኒላስም ትከሻውን ይዞ «አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ» ብሎ አጽናንቶት ነበር። ባለቤቱ ሌባውን አጽናና ማለት ነው።

ሌባ አርዶ ሲጨርስ ጆሮውን ቆርጦ በረዶ ውስጥ ይቀብራል፤ ጆሮ የሌለው ራስ ባለቤቱን አይናገርም። ዮቭናም ቀብሮ ነበር። በኒላስ መንጋ መሐል የኒላስን ሞተር ዱካ አይቶ ማን ይጠረጥራል? ነገር ግን በጥልቁ በረዶ ላይ ሲጠመዘዝ ቺንጋው የቀበረውን ከኋላው ጠርጎ ሞላው ውስጥ ጠቀጠቀው። እሱ ፊት ፊቱን ነበር የሚያየው።

ራቭና ጆሮውን ከባሏ እጅ ወሰደች፤ ነጩን ነጥብ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ባዶውን ጣሳ አየች።

«ታፋው…» አለች። ቀጥላም «ወንድሜ ዛሬ ሞተሩ ሲገጠም ሊይዝልህ ይመጣል አይደል?» አለች።

«ይመጣል።»

ኒላስ ጆሮውን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ኩሽኔታውን ለወጠ፤ መገጣጠሚያዎቹንም አንድ በአንድ ግራሶ ቀባ።

ዮቭና እያፏጨ ገባ። «አልጨረስክም እንዴ፣ ሽማግሌው? እኔ በመጣሁ ቁጥር ተኝቶ ነው የማገኘው፤ ሞተር ነው ወይስ ታማሚ?»

«ያዝ» አለው ኒላስ።

ዮቭና ያዘ። ደግሞም ጥሩ አድርጎ ያዘ፤ ክብደቱን በጉልበቱ ደግፎ ቀዳዳዎቹ እስኪገጥሙ ድረስ አልተነቃነቀም። ኒላስ ብሎኖቹን አጠበቀ፤ ቺንጋውን ወጠረ። ሁለቱም ሞተሩን አቀኑት። ኒላስ እጁን ጠረገና ጆሮውን ከኪሱ አውጥቶ መቀመጫው ላይ አስቀመጠው።

ዮቭና አየው። ራቭና በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ወንድሟን አላየችውም።

«ጨለማ ነበር» አለ ዮቭና። «የማን እንደሆነ አልለየሁም።»

«ቃጭሉን የፈታህለትስ በጨለማ ነው?»

ዮቭና ምስማሩን አየ፤ ወለሉን አየ። እጁ ላይ የቀረውን ግራሶ በሱሪው ጠረገ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ሾርባውን ከጠጣሁ በኋላ» አለ ኒላስ።