በሞቴ ብዪ

ሚዛኑ ላይ ከመውጣቷ በፊት ጫማዋን ብቻ ሳይሆን የጆሮ ጌጧንም አወለቀች። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሳቀች። "እሱ ደግሞ ምን ያህል ሊመዝን ነው?" አለቻት፤ ከዚያ ቁጥሩን አየችና ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ቀንሳለች። ለቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠላት።

መጋረጃ በመስፋት ነው የምትተዳደረው። ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እምቢ ብሏት፣ ስኳሯ አልወርድ ብሎ፣ ሌሊት ትንፋሽ እያጠራት ስትባንን ከርማ ነው ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና ለማሳነስ የወሰነችው። ዳቦውንም፣ ለስላሳውንም፣ ጣፋጩንም እርም ብላ፣ በዝግታ ማኘክን እንደ ሕፃን ተምራ እዚህ ደርሳለች። የቀራት የመጨረሻው ዳገት ነው፤ እስከ ቀዶ ጥገናው ፈሳሽ ብቻ። ጉበቷ ስብ ተሸክሞ ጨጓራዋ ላይ ስለተጫነ፣ ካልሟሸሸ ሐኪሙ መግቢያ አያገኝም።

"አንድ ቀን እንኳ እንዳታፈርሺ" አለቻት ባለሙያዋ። "ይመልሱሻል፤ ወረፋውን ደግሞ ታውቂዋለሽ።"

"አላፈርስም" አለች። ከልቧ ነበር።

ቤት እናቷ አሉ። የጨጓራ ካንሰር ይዟቸው ከመጡ ወዲህ መኝታ ክፍሏን ለሳቸው ለቃ እሷ ሳሎን ትተኛለች። ሐኪሞቹ ለሷ ብቻ ለይተው ነግረዋታል፤ ከእንግዲህ የሚደረግ ሕክምና የለም፣ ያማራቸውን ይብሉ። እሳቸውን ግን የሚያምራቸው የለም። ሁለት ልጅ በሁለት ክንድ ያነሡ የነበሩት ሴትዮ ቀሚሳቸው ውስጥ ጠፍተዋል። አንድ ጊዜ ራሳቸው ቀልደውበት ነበር፤ ካንቺ ቆርሰው ለኔ ቢለጥፉ ኖሮ ሁለታችንም ሐኪም ቤት ባልረገጥን፣ ብለው።

የዚያን ዕለት ማታ ሩዝ ከካሮት ጋር አለስልሳ ቀቅላ አቀረበችላቸው። ለራሷ የታዘዘላትን ዱቄት በውኃ በጥብጣ ጎናቸው ተቀመጠች። እናቷ ማንኪያውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

"እማዬ፣ ከትናንት ወዲህ እኮ ምንም አልቀመስሽም።"

"ብቻዬን አይወርድልኝም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማሽም?"

"እኔ ተከልክያለሁ። ነግሬሻለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ ልጄ። አንድ ማንኪያ ብቻ። በሞቴ ብዪ።"

ቃሉን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሉት ኖረዋል፤ ለጎረቤት፣ ለእንግዳ፣ ከትምህርት ቤት ለሚመለሱ ልጆች፣ ማንም ሞት ትዝ ሳይለው። አሁን ግን እናትየው ያሉት ነገር ለራሳቸውም የተሰማቸው ይመስል ዐይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልጅቱ ያኔ ገባት፤ ሐኪሞቹ ሸሽገው ለሷ የነገሯትን እናቷ ቀድመው አውቀውት ኖሯል።

ማንኪያውን ወስዳ ጎረሰች። እናቷም ጎረሱ። እሷ ስትደግም እሳቸውም ደገሙ፤ ሳህኑም ተጋመሰ።

ጠዋት ከቤት ወጥታ ደረጃው ላይ ቆማ ለባለሙያዋ ደወለች። የሆነውን፣ እናቷም ካለሷ እንደማይጎርሱ ነገረቻት፤ ቦታዋንም ለሌላ ተረኛ እንዲሰጡላት ለመነቻት። ባለሙያዋ አልተቆጣችም። ተራዋ እንደሚያልፍ፣ የቀነሰችው ኪሎም ሊመለስ እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረቻት። ከእናቷ ጋር ስትበላ ጥቂት ጥቂት እንድትጎርስ፣ በእግር መሄዱንም እንዳትተው መከረቻት። ከዚያ "እሺ፣ መቼ ልቅጠርሽ?" አለቻት።

ከወር በኋላ ልትል አሰበች፤ ከዚያ ከክረምት በኋላ። የትኛውንም ቀን ብትጠራ ለእናቷ የመሞቻ ቀን መቁረጥ ሆነባት። አፏ ላይ የመጣው ሁሉ ሟርት ነበር።

"አለሽ?" አለች ባለሙያዋ።

"አለሁ። ቀን አትያዥልኝ።"

ወደ ውስጥ ስትመለስ እናቷ ነቅተው ትራስ ተደግፈዋል፤ ከማን ጋር እንደምታወራ ጠየቋት። ሐኪሙ ውጭ አገር ስለሄደ ቀጠሮው ተራዝሟል አለቻቸው። እናቷ ትክ ብለው አዩአት።

"ከልጅነትሽም ውሸት አትችዪበትም" አሉ ቀስ ብለው።

ለቁርስ ምን እንድትሠራላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው።

"አንቺ የምትበዪውን።"

ድስት ጥዳ አንድ እንቁላል ከተተች። ትንሽ ቆማ ሌላም ጨመረች።