ሦስተኛው ቅብ

ቲቶ ቀለም መቀባት ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። የሚዛን ከተማ ሰው የሚያውቀው አዲስ ቀለም ከአሮጌ ጋር በማመሳሰል ነው። ወይዘሮ አስካለች ያስጠሩትም ለዚሁ ነበር። እሑድ ልጃቸውን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ከግቢው በር ሲገባ ፊት ለፊት የሚታየው የሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

«ሙሉውን ለመቀባት ጊዜ የለም» አሉት። «ስንጥቁን ብቻ ድፈንና እንዳልነበረ አድርግልኝ።»

ሐሙስ ዕለት ስንጥቁን በስቱኮ ሞላው። ከመስኮቱ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የቀለም ቅርፊት በቢላ ፈልቅቆ ወደ ዐብዱልጀባር ቀለም መሸጫ ወሰደ። ግድግዳው ሲቀባ ቢጫ ነበር፤ የስድስት ዓመት ፀሐይና ዝናብ ግን አደብዝዞ የቅቤ መልክ አስመስሎታል። ከሻጩ ጋር ነጭ ቀለም ላይ ቢጫና ቡናማ ጠብ እያደረጉ ሦስት ዓይነት በጠበጡ። እርጥብ ቀለም ውሸታም ነው፤ ሳይደርቅ አይታመንም። ስለዚህ ቲቶ ሦስቱንም በተደፈነው ስንጥቅ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀብቷቸው ሄደ።

ሲዘንብ አደረ።

ዓርብ ጠዋት ሲመለስ የመጀመሪያው ደምቆ፣ ሁለተኛው ጠቁሮ አገኛቸው። ሦስተኛው ግን ጠፋበት፤ የት እንደቀባው በእጁ ዳስሶ ነው ያወቀው። ደስ አለው። ወዲያው ጣቱ አንድ ነገር ነካ። በቅቡ መሃል ፀጉር የምታህል መስመር ወርዳለች።

«ስቱኮው ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሆናል» አለ ለራሱ። እንደገና ደፈነ፣ ከዚያው ቀለም ደረበበትና እስኪደርቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት ልብ ያለው ያኔ ነው። ቤቱ የተሠራው ዳገቱ ተቆርጦ ነው፤ ዝናቡ ካባራ ቢቆይም ከቁርጡ ሥር ደፍራሽ ውሃ ይወጣል።

ቀለሙ ሳይደርቅ መስመሯ ተመለሰች። አሁን ግራና ቀኙ አልገጠመም፤ የግራው ጠርዝ በክብሪት እንጨት ውፍረት ዝቅ ብሏል። ስቱኮ ቢሰነጠቅ ግድግዳ ዝቅ አይልም።

ከግድግዳው ወዲያ ተከራይዋ ሱሀይላ አለች፤ ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ሮጦ በሩን አንኳኳ።

«እህቴ፣ ልጁን ይዘሽ ውጪ።»

«በሩ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል» አለች ከውስጥ። «ዝናቡ አሳብጦት ነው መሰለኝ።»

በሩ የቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮ በዝናብ አያብጥም።

ወይዘሮ አስካለች ድምፅ ሰምተው መጡ። «ምንድን ነው?»

«ቤቱ እየሄደ ነው፣ እትዬ።»

«ስንጥቅ ድፈን አልኩህ እንጂ አራስ አስደንግጥ አልኩህ?»

ቲቶ አመነታ። ተሳስቶ ከሆነ ከእንግዲህ ማን ይጠራዋል? ቢሆንም ወደ መስኮቱ ሄደ። «ልጁን አቀብዪኝ፣ እህቴ። እለምንሻለሁ።»

ሱሀይላ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከጣሪያው አንድ ነገር «ቋ» ሲል ሁለቱም ሰሙት። ያኔ ልጁን በመስኮቱ አሾልካ ሰጠችው። ለወይዘሮ አስካለች አስታቀፋቸውና እሷንም በሁለት እጁ ደግፎ አወጣት።

ግቢው መሃል ቆሙ። ብዙ ቆዩ፤ ምንም አልሆነም። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ሳቀ። «አራሷን ለብርድ አጋለጥካት» አሉ ወይዘሮ አስካለች። ቲቶ የቤቱን መውደቅም አለመውደቅም ፈራ።

«የልጁን ፎጣ ብቻ ላምጣ» አለች ሱሀይላ፤ ወደ መስኮቱ ተራመደች።

ቲቶ ፊቷ ተገትሮ ቆመ። «አይሆንም።»

«አንዴ ብቻ፣ ወንድሜ።»

«አልፈቅድም አልኩሽ።»

ቃሉን እንደጨረሰ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተዘረገፈ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ከመኪና ላይ የተወረወረ የቡና ጆንያ ይመስል ነበር። ከኋላው ቀይ ጭቃ ተንዶ አልጋውን ዋጠው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ተጨማደደ።

የሳቀው ሰውዬ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሱሀይላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወይዘሮ አስካለች እሷን ሊያነሱ ሲሉ ልጁን ለቲቶ ዘረጉለት፤ እሱ ግን ወደ ኋላ ሸሸ።

«አልችልም እትዬ፣ እጄን ይዩት።» እጁ እስከ ክርኑ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ትልቁንም ቤት ጥለው ወደ ታችኛው ጎረቤት ወረዱ። ቲቶ ሁሉም ከበሩ እስኪወጡ ጠበቀ፤ ጀርባውን ለዳገቱ መስጠት ፈርቶ የኋሊት እየተራመደ መጨረሻ ወጣ።