አስራ ሦስት ቁጥር መፍቻ

ሐሙስ ሐሙስ ሃቫና ስትሪት ያለው ጋራዣችን በር ላይ የመካኒክ መሣሪያ የሚሸጥ ትራክ ይቆማል። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ እድሪስ ምክራቸው አጭር ነበር። «ፒንሳና መዶሻ ከየትም ግዛ። መፍቻ ግን ከትራኩ ግዛ፤ ርካሹ መፍቻ ብሎን ላይ ሲንሸራተት ጣትህን ነው የሚልጠው።»

በመጋቢት አረፉ። ባለቤታቸው የመሣሪያ ሣጥናቸውን ለእኔ ሰጡኝ።

ባለፈው ሐሙስ አስራ ሦስት ቁጥር መፍቻቸው አፉ ላይ ተሰነጠቀ። የትራኩ ሻጭ የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው ብሎ ወዲያው በአዲስ ቀየረልኝ። ከትራኩ መግዛት የሚያዋጣው ለዚህ ነው አልኩ በሆዴ። አሮጌውን ባልዲ ውስጥ ሲጥለው ግን እጀታው ላይ በምስማር የተጫረውን ስማቸውን አየሁ፤ «እድሪስ» ይላል። ይሉኝታ ይዞኝ መልስልኝ ሳልል ቀረሁ። ይሉኝታዬ ገደል ይግባ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ክሪክ ላይ ከቆመው ፒካፕ ሥር የጋሽ እድሪስ ድምፅ እንደ ድሮው ጠራኝ።

«አስራ ሦስቱን አቀብለኝ።»

እጄ ለምዶበት አዲሱን መፍቻ ወደ ሥር ዘረጋሁ።

«የኔን» አሉ።