እንቅልፋሞቹ ቡቃያዎች

በምትሠራበት ላቦራቶሪ «ጤነኛዋ» ነበር የሚሏት። ስሟ ጠፍቷቸው አይደለም። የአንድ ሰው ደም ተመርምሮ የተበላሸ ዘረመል እንዳለበት ለማወቅ፣ ከጎኑ ጤነኛ መሆኑ የታወቀ የሌላ ሰው ደም መቀመጥ አለበት፤ መሣሪያው ሁለቱን እያስተያየ ነው ፍርዱን የሚሰጠው። ላቦራቶሪው ሲቋቋም ታዲያ ማነጻጸሪያ የሚሆን ደም ከየት ይምጣ ተብሎ ሁሉም እርስ በርስ ሲተያይ፣ እሷ እጅጌዋን ሰብስባ «ከእኔ ቅዱ፤ ምን ገዶኝ!» አለች። ያ ደም ባለቀ ቁጥር ከዚያው ክንድ እየተቀዳ፣ «ጤ» የሚል ፊደል በተጻፈበት ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ እየተቀመጠ፣ የስንቱን ቤተሰብ በሽታ ሲያስለይ ኖረ። የጡንቻ መድከም ምርመራ ሲመጣ ጤነኛ፣ የደም አለመርጋት ሲመጣም ጤነኛ። ነገሩ ሲደጋገም ጊዜ የደሟ ጤንነት ማንም የማይጠይቀው ነገር ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጉራም ሳይኖርባት አልቀረም። ጉንፋን ይዟት ስታስነጥስ፣ አጠገቧ የሚሠራው «ጥርጣሬ» የሚሉት ባልደረባዋ «ኧረ ጉድ ነው! ማነጻጸሪያችን አስነጠሰች፤ እንግዲህ ጤነኛ ሰው ከየት ሊመጣ ነው?» ይላታል። እሷም ጥርሷን ሳታሳይ በሆዷ ትስቃለች። ይህ ጥርጣሬ በገዛ እጁ የሠራውን ምርመራ ራሱ የማያምን፣ የቧንቧ ውሃ እንኳ ውሃ መሆኑን ሳያረጋግጥ የማይጠጣ ሰው ነበር። በእሷ ደም ብቻ ግን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ቤቷ ከምርጥ ዘር ማራቢያው ጣቢያ ጥግ ነው። ባሏ እዚያ በቆሎ ያዳቅላል። ማታ ማታ ሚጢጢን፣ ማለት አንድ ልጃቸውን፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ይዛ የምትመለሰው በበቆሎው መደቦች መሃል በምታልፈው ቀጭን መንገድ ነበር። ነፋስ የሌላ በቆሎ የአበባ ብናኝ እንዳያመጣ ባሏ የእያንዳንዱን በቆሎ አበባ በወረቀት ከረጢት ይሸፍነዋል። በጀንበር መጥለቂያ ላይ ታዲያ መደቡ ሁሉ ቆብ ደፍተው የቆሙ ሽማግሌዎች ጉባኤ ይመስላል። ነፋስ ሲመጣ ከረጢቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ሹክ ይላሉ። ሰማዩ ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል፤ መንገዱ ከሥር እየቀለጠ የሚሄድ ይመስላል።

«አውሪ እማ» ትላለች ሚጢጢ፣ የእናቷን ቀሚስ ጭብጥ አድርጋ።

«ምን ላውራ?»

«የሽማግሌዎቹን። ዛሬ ምን እያለሙ ነው?»

እናትየው ትጀምራለች። ይኼኛው ሽማግሌ በሕልሙ ጀልባ ገዝቶ፣ ባሕሩ ግን የት እንዳለ ጠፍቶት ጀልባዋን በሻሽ አዝሏት ይዞራል። ያኛው ደግሞ ጥርስ አብቅሎ፣ ጥርሶቹ ሁሉ ቢጫ ሆነውበት እያፈረ ነው። ሚጢጢ ትንከተከታለች። ወሬው ከቆመ ግን እሷም ትቆማለች። አንድ እርምጃ አትራመድም፤ «አውሪ እንጂ!» ብላ ትጮኻለች። ፈሪ ናት ተባለ። ሲመሽ እናቷን ስለማትለቅ አባቷ «የእናቷ ጭራ» እያለ ያበሽቃት ነበር። በቀን ደግሞ እንደ ፍየል ግልገል ስትዘል ነው የምትውለው፤ የሚጠረጥራት ማን አለ?

ቀን ቀን ከአባቷ ጋር ችግኝ ቤት መግባት ትወድ ነበር። እዚያ በየሳጥኑ ከበቀለው አረንጓዴ ቡቃያ መሃል፣ አልፎ አልፎ እንደ ወተት የነጣ ብቅ ይላል። ቅጠሉ ብርሃን ያሳልፋል። አባትየው እየነቀለ ይጥላቸዋል። «ብርሃን መብላት የማይችሉ ናቸው፤ ዘሩ ውስጥ ያለውን ስንቅ ሲጨርሱ ይሞታሉ» ብሎ አስረድቷታል። እሷ ግን ስም አወጣችላቸው፤ እንቅልፋሞቹ አለቻቸው። አንዷን ሊነቅል እጁን ሲዘረጋ «ተኝታለች አባ፣ አትቀስቅሳት» ትለዋለች። እሱም ይስቅና ይነቅላታል።

አንድ ቀን ወደ ላቦራቶሪው አዲስ ምርመራ መጣ። ከዘር የሚወረስ የዓይን በሽታ ነው፤ መጀመሪያ የምሽቱን ብርሃን ይሰርቃል፣ ኋላ የቀኑንም ይወስዳል። ሰው ከእናቱ አንድ ከአባቱ አንድ ሁለት ቅጂ ይወርሳል፤ ከሁለቱ አንዱ ደህና ከሆነ ዓይኑ ምንም አይሆንም። ሁለቱም የተበላሹበት ልጅ ነው የሚታመመው። በመሣሪያው መስኮት ላይ ደህናው ቅጂ ሰማያዊ መስመር፣ የተበላሸው ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል። የጤነኛዋ ደም እንግዲህ ሰማያዊ ብቻ ማሳየት ነበረበት።

ሰማያዊው ወጣ። ከጎኑ ደግሞ ቀዩ፣ ሳይቸኩል፣ ጎንበስ ቀና እያለ ወጣ።

«በለው!» አለ ጥርጣሬ። «አንዱ ነገር ተበክሏል። ውሃው ነው። ካልሆነም ብልቃጡ።»

ውሃው ተለወጠ፣ ብልቃጡም ተለወጠ። ቀዩ መስመር እንደገና መጣ። የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ዶክተር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መስኮቱን ስታይ ቆየችና «ምርመራው ራሱ ብልሹ ነው። ጤነኛን ሰው በሽታ አለበት የሚል ምርመራ ምን ያደርግልናል? ነገ ላመጣው ድርጅት ይመለስ፤ ቀጠሮ የያዙትም ሌላ እስኪመጣ ይጠብቁ» አለች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መሃል፣ የብልቃጡ ባለቤት ራሷ ጉድለት ሊኖርባት ይችላል ያለ አንድም አልተገኘም። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ብልቃጡን ወደ ማቀዝቀዣው ስትመልስ ግን «ጤ» የሚለውን ፊደል ደግማ አነበበችው፤ ለምን እንደሆነ ገና አላወቀችም።

ያን ምሽት በቀጭኗ መንገድ ሲሄዱ ነው ያወቀችው። የሚጢጢ የጫማ ማሰሪያ ተፈቶ እናትየው ተንበረከከች። ፊት ለፊት ሆኑ፤ የልጅቷ ትንፋሽ የእናቷን ጉንጭ እስኪነካ ድረስ ተቀራረቡ። የተንጣለለው ወይን ጠጅ ሰማይ ከልጅቷ ራስ በላይ ነበር። «ምሽቱን ይሰርቃል» የሚለው ቃል ድንገት እንደ ሰው ድምፅ መጣባት። ቀሚስ ጭብጥ ማድረጓ፣ አውሪ አውሪ ማለቷ፣ ዝም ሲሏት መቆሟ፣ ሁሉም ተሰልፎ መጣ። ፍርሃት አልነበረም። ልጅቷ መንገዱን በእናቷ ድምፅ ነበር የምታየው።

እንባዋ ወረደ። ልታቆመው አልቻለችም። ወሬውን ግን አላቋረጠችም፤ ድምፅዋን እንደ ምንም አረጋግታ፣ ጀልባ ያዘለውን ሽማግሌ ወደ ባሕሩ ዳር አደረሰችው። ሚጢጢ በእናቷ ፊት ላይ የሚወርደው እንባ ፊት ለፊቷ ሆኖ ትስቃለች። ዓይኖቿ ወደ እናቷ ጆሮ አካባቢ ያያሉ።

«እሺ ከዚያስ? ዋኘ?» አለች።

«ዋኘ የኔ እመቤት» አለቻት። ማሰሪያውን ቋጥራ ተነሣች።

ባሏን ያገኘችው ችግኝ ቤት ነው፤ መብራቱን አብርቶ ሳጥኖቹን ውሃ እያጠጣ። ሚጢጢ ከመብራቱ ሥር ስትደርስ ቀሚሷን ለቀቀችና ወደ እንቅልፋሞቹ ሮጠች። እናትየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀዩን መስመር ነገረችው። የራሷን ብቻ ነው የነገረችው፤ የልጅቷን መናገር ምላሷ እምቢ አለ።

«አንቺ አንድ ደህና ቅጂ አለሽ አይደል? ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?» አለ።

ዓይኗን ወደ ልጅቷ መለሰች። ልጅቷ ነጩን ቡቃያ በጣቷ እየዳበሰች ታንጎራጉራለች። እሱ ልጅቷን አየ፣ ቡቃያውን አየ፣ ከዚያ የእናቲቱን ዓይን አየ። ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረው ይህንኑ ነው፤ ሁለት አረንጓዴ ወላጆች፣ ሁለቱም አንዳንድ ድብቅ ጉድለት ይዘው ሲገናኙ፣ ከመሃላቸው ነጭ እንደሚወጣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የውሃ ማጠጫው ከእጁ ላይ ዘንበል ብሎ ጫማው ላይ ፈሰሰ። አላወቀውም።

«ማታ ማታ... » አለና ተወው። «ጭራ እላታለሁ እኮ እኔ!»

ቀጥሎ ያደረገው ሥራውን ለሚያውቅ ሰው የሚያስቅ ነበር። ወደ ሳጥኑ ሄዶ ሊነቅለው ይገባ የነበረውን ነጭ ቡቃያ ውሃ አጠጣው። በማግስቱም አጠጣው። እንደማይድን ያውቃል፤ ቡቃያውም ስንቁን ጨርሶ እንደ ሌሎቹ ጠወለገ። አባትየው ግን ከዚያ ወዲያ ሚጢጢ አጠገቡ ካለች አንድም ነጭ ነቅሎ አያውቅም።

የዚያ ምሽት ማግስት ጠዋት፣ የምርመራው ዕቃ ካርቶን ውስጥ ገብቶ፣ ጥርጣሬ ፕላስተር ሊለጥፍበት ነበር። እሷ ካርቶኑ ላይ እጇን አሳረፈች።

«ምርመራው ደህና ነው» አለች። «ብልሿ እኔ ነኝ።»

ዶክተሯ መነጽሯን አወረደች። ጥርጣሬ አፉን ከፍቶ፣ ፕላስተሩን እንደያዘ ቀረ። ቀልድ የጠፋበት ያን ቀን ብቻ ነው። እሷ የምሽቱን ነገር ከጫማ ማሰሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ዶክተሯ ትከሻዋን ይዛ «የልጅሽን ደም አንቺ አትነኪውም። እሱ ይሠራዋል» ብላ ወደ ጥርጣሬ አመለከተች።

ሚጢጢ ክንዷን ስትሰጥ አላለቀሰችም፤ ቀያይ መስመሮች ይወጡ እንደሆነ ነው የጠየቀችው፣ ቀይ ስለምትወድ። የአባቷም ተቀዳ። ባልና ሚስት ኮሪደሩ ላይ ባለች አግዳሚ ወንበር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ተቀመጡ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። እናትየው በውስጧ ስትመኝ የነበረው ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ልጄ ፈሪ ብቻ ትሁን፣ ፈሪ ብቻ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ቀሚሴን ይዛ ትዙር እያለች።

ጥርጣሬ ወጣ። ጓንቱን ማውለቅ ረስቷል።

«ደጋግሜ ሠራሁት» አለ። «አንቺም አንድ፣ እሱም አንድ። እሷ ሁለቱንም። ይቅር በይኝ እህቴ፤ የምጠራጠርበት ነገር አጣሁ።»

ሁለቱም አለቀሱ፤ አባትየው ይበልጥ አለቀሰ። ግን እንዲያው የእንባ ነገር አልነበረም ያን ቀን። የበሽታው ስም ሲታወቅ መንገዱም አብሮ ይታወቃል፤ አንድ የዓይን ሐኪም ከትልቁ ሆስፒታል ተጠርቶ ነገሩን ሲያስረዳቸው፣ አባትየው እንደ ተማሪ ወደፊት ዘንበል ብሎ ነበር የሚሰማው። ጉዳት የማድረስ አቅሙ የተወሰደ ቫይረስ ደህናውን ቅጂ ተሸክሞ ወደ ዓይኗ የኋላ ክፍል ይገባል።

«የሞተውን አያስነሳም» አለ ሐኪሙ። «ያልሞተውን ነው የሚደርስለት። ቢዘገይ ኖሮ ምንም ማድረግ ባልቻልን ነበር። እሷ ገና ናት፤ ተኝቶ ያለ ብዙ ነገር አላት።»

«እንቅልፋም ነው» አለች ሚጢጢ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አንደኛው ዓይን ተሠራ፤ ሌላኛውም ቆይቶ ተሠራ። ፋሻ ታሰረ፣ ተፈታ። እናትየው በነዚያ ሳምንታት የምታየውን ሁሉ በእርጥብ መጋረጃ በኩል የምታይ ይመስላት ነበር፤ ሰው ሲያናግራት ዘግይቶ ነው የሚደርሳት። በላቦራቶሪው «ጤ» የተባለው ብልቃጥ ተነሣ። በምትኩ ከተለያዩ ሰዎች የተቀዱ ብልቃጦች ተደረደሩ፤ አንዱን ብቻ ማመን ቀረ። ስሟ ግን አልተነሣም። ጥርጣሬ «ጤነኛዋ» ማለቱን ቀጠለ፤ አሁን ሲላት እንደ ቁልምጫ ነው።

ወደ ቤት የተመለሱት በቆሎው እንደገና ከረጢት በደፋበት ወቅት ነው። ሐኪሙ «በድምፅ አትምሯት፤ ዓይኗ ሥራውን ይልመድ» ብሏል። ጀንበር ጥልቅ ስትል እናትና ልጅ ቀጭኗን መንገድ ያዙ። አባትየው ባልዲውንና የውሃ ጎማውን ሆን ብሎ መንገድ ላይ ትቶ፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተደብቆ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል። እናትየው የቀሚሷን ጫፍ ከሚጢጢ እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች። እያወራች ቀደም አለች፤ ጀልባ ያዘለው ሽማግሌ ባሕሩን ካገኘ ወዲህ ስለሚያየው ሕልም። መሃል ላይ ስትደርስ ወሬውን አቋረጠችው።

ሚጢጢም ቆመች፤ ልማዷ ነው። ከረጢቶቹ ሹክ አሉ። ያ ዝምታ ለእናትየው ከኖረችበት ዘመን ሁሉ ረዘመባት። «አውሪ» የሚለውን ቃል እየጠበቀች ጥርሷን ነከሰች። ቃሉ ከመጣ አልሆነም ማለት ነው።

አልመጣም። ትንንሽ ጫማዎች ተንቀሳቀሱ። በባልዲው በኩል ዞሩ። ጎማው ጋ ሲደርሱ ቆም፣ ከዚያ አንዱ እግር ተነሣ፣ ሌላውም ተከተለ። ልጅቷ መጣች፣ መጣችና እናቷ ፊት ቆማ ወደ ላይ ቀና አለች፤ በዚያ ወይን ጠጅ ብርሃን ውስጥ፣ ወደ ጆሮዋ ሳይሆን ቀጥ ብላ ወደ ዓይኖቿ አየች። ፈገግታዋ ጠፋ። እጇን ዘርግታ የእናቷን ጉንጭ ነካች።

«እማ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለች።

እናትየው ድምፅ አላወጣችም ነበር።