የሂባቅ ሳል

ሂባቅ ደም ማሳል የጀመረችው ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ሥራ በገባች በሁለተኛው ዓመት ነው። አክታዋ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም፤ ራጅዋ ላይ ግን ጥላ ስለታየ የቲቢ መድኃኒት አስጀመሯት። ልጇ ዱኒያ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር። ባሏ ዐብዱልዓዚዝ "እስክትድኚ" ብሎ ልጅቷን ሳቢያን ሰፈር እናቱ ጋ ወሰዳት። ሂባቅም ለልጇ ፈርታ ስለነበር አልተቃወመችም፤ እየሄደች ከደጅ አይታት ትመለስ ነበር።

ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒቱን ዋጠች። ደሙ ለጥቂት ሳምንት ይጠፋና ይመለሳል። እንደገና አስጀመሯት። አንድ ቀን መድኃኒቱን ለምትሰጣት ነርስ "ሳሉ የሚመጣው ከወር አበባዬ ጋር ነው" ብትላት፣ "ሁለቱን ምን አገናኛቸው?" አለቻት። ሂባቅ አፈረች፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አላነሳችውም።

በታመመች በሦስተኛው ዓመት ማሽኗ ላይ እንዳለች ቀኝ ጎኗን ወጋት፤ መተንፈስ አቃታት። የሥራ ጓደኞቿ ሆስፒታል አደረሷት። ሳንባዋ ዙሪያ አየር ተጠራቅሞ ነበር፤ በጎኗ ቱቦ አስገብተው አወጡላት። በማግስቱ ዶክተር ፍቅረ ማርያም የድሮ ካርዷን እያገላበጠ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ደም ባሳለሽባቸው ቀኖች መካከል አራት አራት ሳምንት ነው ያለው። አሁን የወር አበባ ላይ ነሽ?"

"አዎ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።"

"የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር አንዳንዴ ሌላ ቦታ ይበቅላል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። ያንቺ ሳንባሽ ጋ ሳይሆን አይቀርም፤ ማህፀንሽ ሲደማ እሱም ይደማል።"

"ቲቢውስ?"

"የነበረብሽ አይመስለኝም።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ልጄን ከሰጠሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ" አለች።

የደረት ሲቲ ስካንም ተነስታ የዶክተሩን ጥርጣሬ አጠናከረለት። የወር አበባ የሚያስቀር ክኒን ጀመረች፤ ካልያዘላት ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ተነገራት። አራት ወር ደም ሳታይ ቆየች።

ከዚያ ከባሏ ጋር ሳቢያን ሄዱ። አማቷ ኹርሲ አቅፈዋት አለቀሱ።

"ዱኒያ፣ ነይ ሳሚያት። እናትሽ ድናለች" አሉ።

ልጅቷ የአያቷን ቀሚስ ጨብጣ "እኔ እማ ጋ ነው የምሆነው" አለች። እማ ያለችው ኹርሲን ነው።

ዐብዱልዓዚዝ ሊጎትታት እጁን ሲዘረጋ ሂባቅ ያዘችው። "ተዋት። እሷ ስትፈልግ ትምጣ።"

አሁን እሑድ እሑድ በባጃጅ እየሄደች የልጇን ፀጉር ትሠራለች። ዱኒያ ስለ ትምህርት ቤቷ ታወራላታለች፤ አብራት ለመሄድ ግን ጫማዋን አታደርግም። ዐብዱልዓዚዝ "ክኒኑን አቁሚና ሌላ ልጅ እንውለድ" ይላታል።

"መጀመሪያ ይቺን ላግኛት" ትለዋለች።