የጋሽ ወልደማርያም የምሳ እንግሊዝኛ

ሐምዲያ እትዬ አሪፋ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት ስትቀጠር የምታውቀው እንግሊዝኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል የቃረመችውን ብቻ ነበር። ምግብ ቤቱ ሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር፣ የደሴ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙበት ነው። ተሳፋሪው ግር ብሎ ይገባል፣ «ቶሎ በሉ፣ ሾፌሩ ጥሎን ሊሄድ ነው!» ይላል፣ የቀረበለትን ጎራርሶ ይወጣል። ለዚህ ደግሞ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

ነገሩ የተለወጠው መንገዱን የሚያድሱ ፈረንጆች ከከተማው ጥግ ካምፕ ሠርተው ሲቀመጡ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አቧራ ለብሰው፣ በሮቢት ሙቀት ፊታቸው ቲማቲም መስሎ እትዬ አሪፋ ቤት ይመጣሉ። ከመካከላቸው አንድ ረጅም፣ ራሰ በራ መሐንዲስ አንድ ቀን ሐምዲያን ጠርቶ «ሱፕ» አላት። ሐምዲያ ቃሉን የምታውቀው መሰላት። ሮጣ ሄዳ ሳሙናና የማስታጠቢያ ውሃ ይዛ መጣች። ሰውየው ግራ ገባው፤ ግን ጨዋ ነበርና እጁን ታጠበ። ከታጠበ በኋላ እንደገና፣ አሁን ረገጥ አድርጎ፣ «ሱፕ!» አለ። ሐምዲያ እጁ ያልጠራለት መስሏት አዲስ ሳሙና ከነወረቀቱ አመጣችለት። ጓደኞቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሲስቁ እሷ ሸሽታ ወጥ ቤት ገባች። ሾርባ ፈልጎ እንደነበር የነገራት ሰው ስታገኝ ቀኑ መሽቶ ነበር።

እትዬ አሪፋ ቆፍጣና ሴት ናቸው። በማግስቱ ጥላቸውን ዘርግተው ወጡና ሲመለሱ አንድ ቀጠን ያሉ፣ ጸጉራቸው ገብስማ የሆነ ሰው አስከትለው ገቡ።

«ከዛሬ ጀምሮ ጋሽ ወልደማርያም የሚሏችሁን ትሰማላችሁ» አሉ፣ ለሐምዲያና ለባልደረባዋ ለሐያት። «ቤቴ ሁለተኛ ሳሙና ሲታዘዝበት ማየት አልፈልግም።»

ጋሽ ወልደማርያም የቀወት ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በጭነት መኪና ተሳፍረው አሰብ ወርደው፣ ወደቡ አጠገብ አንድ ሆቴል ውስጥ ለመርከበኞች ምግብ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ወደቡ ከአገር ሲለይ ተመልሰው መጡና የአባታቸውን መሬት ሽንኩርትና ማሽላ ማልማት ያዙ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛቸውን፣ ለበሬዎቻቸው ካልሆነ በቀር፣ ለማንም ሲናገሩት የሰማ የለም።

ትምህርቱ የመጨረሻው አውቶቡስ ከሄደ በኋላ፣ ከተማው በሙቀት ዝም በሚልበት ሰዓት ነበር። ማንጎ ሻጮቹ ከነቅርጫታቸው ጥላ ሥር ያንጎላጃሉ። እትዬ አሪፋ ሰግደው ጓዳ ውስጥ ጋደም ይላሉ። ጋሽ ወልደማርያም ወደ በሩ ይወጡና እንግዳ ሆነው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ጺማቸውን የሚነካኩ የግሪክ ካፒቴን ናቸው፤ አንድ ቀን ጨጓራውን የሚያመው ሽማግሌ፤ ሌላ ቀን ደግሞ በሹካው ላይ ዝንብ ሳይቀር የሚፈልግ ነገረኛ።

«ጉድ አፍተርኑን፣ ሰር» ትላለች ሐያት ሳቋን ውጣ። «ኧ ቴብል ፎር ሃው መኒ?»

«ፎር ዋን፣ ፕሊስ» ይላሉ ካፒቴኑ፣ ብቻቸውን መሆናቸውን በአንድ ጣት እያሳዩ።

ከዚያ ሐምዲያ ትቀጥላለች። «አር ዩ ሬዲ ቱ ኦርደር?» ለማዘዝ ደርሰዋል ወይ ማለት ነው።

«ኖት ዬት።»

ሐምዲያ ቆማ ትጠብቃለች። ካፒቴኑ ወዲያው ጠፍተው ጋሽ ወልደማርያም ይመጣሉ። «‹ገና ነኝ› ካለሽ ሂጂለት እንጂ! እላዩ ላይ አትቁሚበት። ሰው ከሆዱ ጋር ሊመክር ጊዜ ይፈልጋል።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ቃሉ ገባቸው። «ኖት ስፓይሲ፣ ፕሊስ» ያለ ሰው በርበሬ እንዳይበዛበት እየለመነ ነው። «ኩድ ዊ ሃቭ ዘ ቢል?» ያለ ሊሄድ ነው። ሐያት «ጊቭ ሚ» የሚለውን ስለምትወደው ሁሉን ነገር በእሱ ትጀምረው ነበር፤ ጋሽ ወልደማርያም ግን አይወዱትም። «‹ጊቭ ሚ› በር ረግጦ እንደ መግባት ነው» ይሏት ነበር። «‹ኩድ አይ ሃቭ› ግን ደጅ ቆሞ ‹ቤቶች!› እንደ ማለት ነው። ቃሉ ቢረዝምም በሩ ይከፈትልሻል።»

ሳህኑ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ጋሽ ወልደማርያም ክርስቲያን ስለሆኑ እዚያ ቤት ሥጋ አይቀምሱም፤ ምሳቸውን ከቤት በሳህን ቋጥረው አምጥተው ከጓሮ፣ ከማንጎው ሥር ቆመው ይበላሉ። ለጨዋታው ግን ባዶውን ሳህን በሹካና በቢላ እየቆረሱ፣ አየሩን እያኘኩ፣ «ዴሊሸስ! ማይ ኮምፕሊመንትስ ቱ ዘ ኩክ!» ሲሉ እትዬ አሪፋ ከጓዳ፣ «ምን አለ ሰውየው?» ይላሉ። «‹እጅዎ ይባረክ› ይልዎታል» ትላቸዋለች ሐያት። «አሚን በሉት» ይላሉ ሳይነሱ።

አንድ ቀን ጋሽ ወልደማርያም ወንበሩን ስበው ሐምዲያን፣ «ዛሬ ተቀመጪ» አሏት።

«እኔ?»

«አዎን፣ አንቺ። እንግዳው ምን እንደሚሰማው ሳታውቂ እንዴት ታስተናግጂዋለሽ?»

ሐምዲያ በወንበሩ ጫፍ ላይ ቂብ አለች። ያን ጠረጴዛ ቀኑን ሙሉ ስትወለውለው ትውላለች፤ ተቀምጣበት ግን አታውቅም። ጋሽ ወልደማርያም ፎጣቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ «ዋት ዉድ ዩ ላይክ ቱ ኢት፣ ማዳም?» አሏት። ምን መብላት ትወጃለሽ ማለት ነው።

ቃሉስ ገብቷታል። ጥያቄው በአማርኛም ቢሆን አዲስ ሆነባት። እናትና አባቷን በልጅነቷ ያጣች፣ ከአክስት አክስት ስትዞር ያደገች ልጅ ናት፤ «ነይ ብዪ» ያላት ሰው ነበር፣ «ምን ልስጥሽ?» ብሎ የጠየቃት ግን አታስታውስም።

«ያገኘሁትን ነው የምበላው፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ።

«እንግዳ ያገኘውን አይደለም የሚበላው፤ የወደደውን ነው። እጠብቃለሁ።» እውነትም ወደ ኋላ ራቅ ብለው ቆሙ።

ሐምዲያ አባቷ ከማሳ ሲመለስ በጋቢው ጥግ ቋጥሮ የሚያመጣላት ነገር ትዝ አላት። «አይ ዉድ ላይክ...» አለች፣ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፈልጋ ስታጣው፣ «የማሽላ እሸት። ፕሊስ።»

ሐያት ሳቀች። ጋሽ ወልደማርያም አልሳቁም። «ሰርተንሊ፣ ማዳም» ብለው ጎንበስ አሉና ወደ ወጥ ቤት ገቡ፤ እንደ ልማዳቸውም ባዶ ሳህን ይዘው ወጡ።

ጥቅምት ነበር። በማግስቱ ከሰዓት ሐምዲያን እዚያው ወንበር ላይ አስቀመጧትና በሌላ ሳህን የተከደነ ሳህን አቀረቡላት። ስትከፍተው ከራሳቸው ማሳ የተቆረጠ፣ ተጠብሶ የተፈለፈለ የማሽላ እሸት ነው፤ ገና ይሞቃል። ሐምዲያ አንድ ጊዜ ዘገነችና አፏ ውስጥ እንደያዘችው እንባዋ መጣ። ጋሽ ወልደማርያም ያላዩ መስለው መስኮቱን ሊከፍቱ ሄዱ። ሐያት እንኳ ያን ቀን «ጊቭ ሚ» አላለችም፤ «ኩድ አይ ሃቭ ሰም?» ብላ በትህትና ለመነች።

መንገዱ አለቀ፣ ፈረንጆቹም ካምፓቸውን ነቅለው ሄዱ። ራሰ በራው መሐንዲስ የሄደ ዕለት ለሐምዲያ ሳሙና በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት፤ እሷም በተራዋ እየሳቀች፣ «ኤኒቲንግ ኤልስ፣ ሰር?» ብላ ሸኘችው። «እንግዳው ሄዶ እንግሊዝኛው ቀረ» ይሉ ነበር እትዬ አሪፋ። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ያ ጨዋታ አልቆመም። ማንም የሚያስገድዳቸው ሳይኖር፣ ለደስታቸው ብቻ፣ ካፒቴኑ ይመጣል፣ ነገረኛውም ይመጣል።

ከዚያ ሐምዲያ የማሾ ነጋዴውን አብዱረሂምን አግብታ አጣዬ ገባች። እዚያ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈቱ። ልጆች ወለዱ። እትዬ አሪፋ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ልጃቸው አዲስ አበባ ሄዱ፤ ሐያትም ጅዳ ሄደች። ሰው በየፊናው ተበተነ። አንዳንዴ የእርዳታ ድርጅት መኪና አጣዬ ላይ ሲቆም ሐምዲያ ልብሷን አስተካክላ፣ «ጉድ አፍተርኑን፣ ኧ ቴብል ፎር ሃው መኒ?» ስትል ባሏ ከባንኮኒው ጀርባ ደረቱ ይነፋ ነበር።

አጣዬ ስትቃጠል የእነሱም ቤት ተቃጠለ። ልጆቹን ይዘው በእግር ወጡ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ከነፍስ የጎደለ የለም። ሸዋ ሮቢት አንድ ክፍል ተከራይተው ለብዙ ጊዜ እንደ እንግዳ ተቀመጡ። ከተማዋ ያችው ናት፤ የሮቢ ወንዝም፣ ሙቀቱም፣ የሽንኩርቱ ሽታም። የእትዬ አሪፋ ቤት ግን ፈርሶ በቦታው ፎቅ ተሠርቶበታል። ሐምዲያ መጀመሪያ ሰሞን በዚያ በኩል ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ትሄድ ነበር። አብዱረሂም እንደገና ማሾ ሲጀምር እሷም ዘመድ አግዟት፣ እዚያው ዋና መንገድ ላይ ጥቂት ጠረጴዛ ያለው ቤት ከፈተች።

ባለፈው ዐቢይ ጾም የጋሽ ወልደማርያም ልጅ ፀሐይ ቲማቲም ልትሸጥላት መጣች። ሐምዲያ ስለ አባቷ ጠየቀቻት።

«አለ፣ ብቻ ምግብ እምቢ ብሏል» አለች ፀሐይ። «እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲሁ ነው። ‹ምን ልሥራልህ?› ስለው ‹ያለውን› ይለኛል። ያለውን ሳቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ ይገፋዋል።»

ሐምዲያ ትንሽ አሰበችና፣ «ነገ ከምሳ በኋላ ባጃጅ እልክላችኋለሁ» አለች። «አምጪልኝ።»

ጋሽ ወልደማርያም በማግስቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ ፀሐይን ተደግፈው መጡ። ቆዳቸው ከአጥንታቸው ጋር ተጣብቋል። ሐምዲያ ጉልበታቸውን ስማ ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ መራቻቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ቆሙ፤ ሌላው እጃቸው ሳይታወቃቸው ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ፍርፋሪ ይጠርግ ጀመር።

«ተቀመጡ እንጂ፣ ጋሼ።»

«እዚህ ብቆም ይሻለኛል።»

«ምነው፣ ቤቴን ጠሉት?»

«ኧረ በስመ አብ! አይደለም።» አፈሩ። «እንዲህ ያለ ቤት ተቀምጬ በልቼ አላውቅም ልጄ። አሰብ ሠራተኛ የሚበላው ከኋላ ቆሞ ነው። እንግዳ ወንበር ላይ የተገኘ ያን ቀን ይባረራል። አሪፋ ጋ ደግሞ የራሴን ይዤ እመጣ ነበር።»

«ከእኛ ጋር ተቀምጠው ነበር'ኮ፣ ያ ሁሉ ካፒቴን!»

«እሱማ ጨዋታ ነው። የተቀመጠው ካፒቴኑ ነበር።»

ፀሐይ አባቷን እንዳዲስ ታያቸው ነበር። ሐምዲያ ምንም ሳትል ወንበሩን ሳበችላቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡ። እሷም ፎጣዋን ክንዷ ላይ አድርጋ፣ «ዋት ዉድ ዩ ላይክ ቱ ኢት፣ ሰር?» አለቻቸው።

ወዲያው ጺማቸውን ነካኩ፤ ድምፃቸውን አጎረነኑ። «አይ ዊል ሃቭ ዘ ፊሽ...»

«ካፒቴኑን አልጠየቅኩም» አለች ሐምዲያ። «አንቱን ነው።»

ጋሽ ወልደማርያም እጃቸውን ከጺማቸው አወረዱ። ሐምዲያም ሄደችላቸው፤ እላያቸው ላይ አልቆመችም። ስትመለስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ ተናገሩ። «ፓስታ በስጎ። የጾም። አሰብ ያን ሁሉ ዘመን ለሰው ስሸከመው ሽታው እንዴት ነበር መሰለሽ! ሰው ሲጠቀልለው አይ ነበር።»

ሐምዲያ ስጎውን በዘይት፣ ፀሐይ በሸጠችላት ቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ራሷ ሠራችው። ጋሽ ወልደማርያም ሹካውን አንስተው፣ ማንኪያውን ከሥር ደግፈው፣ አንዲት ክር ሳታመልጥ ጠቀለሉት። ሲያዩት የኖሩትን እጃቸው ያውቀው ነበር። የመጀመሪያውን ጎረሱ። ሁለተኛውን ደገሙ፤ ሦስተኛውንም። ፀሐይ ወደ ግድግዳው ዞራ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

«ትንሽ ጨው ይቀረዋል» አሉ ጋሽ ወልደማርያም፣ ሳህኑ ሲጋመስ።

«አመጣሁልዎ!» ብላ ሐምዲያ ሮጠች። እንዲያ ደስ እያላት የሰማችው ወቀሳ የለም።

ሳህኑን ጨረሱ። ሻይ ጠጡ። ስለ አሰብ ባሕር፣ ስለ እትዬ አሪፋ «አሚን በሉት»፣ ስለ ሐያት አወሩ፤ ሐምዲያ በስልኳ የሐያትን ልጆች ፎቶ አሳየቻቸው። ጋሽ ወልደማርያም ስልኩን አርቀው ይዘው፣ «ይቺ ትንሿ እሷን ቁርጥ ናት፤ ዓይኗ ‹ጊቭ ሚ› ይላል» አሉ።

የደሴው አውቶቡስ ዘግይቶ መጣና ተሳፋሪው ግር ብሎ ገባ። ሐምዲያ ተነስታ ሥራዋን ያዘች። በመካከል ዞር ብላ ስታይ ጋሽ ወልደማርያም እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣጥፈው፣ ወንበሩ ላይ ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ፀሐይ ልትቀሰቅሳቸው እጇን ስትዘረጋ ሐምዲያ በዓይኗ ከለከለቻት። ቦታ ላጣው ተሳፋሪ ሌላ ወንበር ከጓዳ አወጣችለትና ድምፅ እንዲቀንስ ጠቆመችው።