ቁርስ የከለከለው መስታወት

ፀጉር አስተካካዩ ቁርስ ካቆመ ወራት ቢያልፉም ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ ሥራ ቦታው የሚበላ ይመስላታል፤ ደንበኞቹ ደግሞ ቤቱ በልቶ የሚመጣ ይመስላቸዋል። እውነቱን የሚያውቀው ሆዱ ብቻ ነበር። እሱም በየጠዋቱ ይጮኻል፤ ሰሚ ግን አላገኘም።

ጣጣው የመጣው በቦርጭ ነው። ሌላው ሰው ጠዋት አንዴ መስታወት ፊት ቆሞ ይገላገላል። ፀጉር አስተካካይ ግን ምስኪን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከገዛ ቦርጩ ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ ይውላል። የእኛም ሰው አርባዎቹን ካጋመሰ ወዲህ ሆዱ ከሸሚዙ ቀድሞ መስታወቱ ውስጥ እየገባ አስቸግሮት ነበር።

አንድ ቀን ከፎቁ ላይ ያለው የስፖርት ቤት አሠልጣኝ ፀጉሩን ሊቆረጥ ወረደ። አሠልጣኙ ወሬ ሲጀምር ማቆሚያ የለውም። ጨርቁ አንገቱ ላይ ታስሮለት፣ እጆቹ ከጨርቁ ሥር ተቀብረው፣ ጭንቅላቱ በፀጉር አስተካካዩ ጣቶች ተይዞ እንኳ አፉ ሥራ አልፈታም። ከኋላ አግዳሚው ላይ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ተቀምጧል፤ ከመሪ ጋር ሲጋፋ የኖረ ሰፊ ሆድ ያለው፣ ሳቂታ ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ አንተ ቁርስ የሚባል ነገር እርሳው» አለ አሠልጣኙ መስታወቱን እያየ። «እስከ ምሳ ድረስ ውኃ ብቻ! ቦርጭህ ባይጠፋ ምን አለ በለኝ።»

ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ «አንተ ግን ጠዋት ጠንከር አድርገህ ብላ። ሥራህ ጉልበት ይፈልጋል» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ ከአሠልጣኙ ጋር ዓይን ለዓይን የተጋጩት በመጀመሪያው «አንተ» ላይ ነበር። ሆዱን ሳብ አድርጎ ምክሩን ተቀበለ። ሁለተኛውን «አንተ» ለሹፌሩ ተወለት።

በማግስቱ ቁርስ ቀረ። መጀመሪያ አካባቢ ነገሩ ሠመረለት። ቀበቶው ላላ፤ ሸሚዙ ከሱሪው አልወጣም አለ። ሰውየው ደስ ብሎት በመስታወቱ ፊት ሲያልፍ ጎኑን ሰረቅ አድርጎ ማየት አመጣ። ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም።

አንድ ጠዋት የአንድ ደንበኛውን ማጅራት በምላጭ ሲያስተካክል እጁ ተንቀጠቀጠ። ቆም አለ። ጣቶቹን ጨበጥ ዘርጋ አደረገና ቀጠለ፤ አሁንም ተንቀጠቀጠ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

«ምነው፣ ደህና ነህ?» አለው ደንበኛው።

«ብርድ ነው» አለ። ይህን ከአፉ እንዳወጣ ደነገጠ። ቃሉ የአባቱ ነበር።

አባቱ በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ መስታወት ፊት ሲሠሩ የኖሩ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ልጃቸው አሁን ባለበት ዕድሜ ገደማ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ብርድ ነው» ይሉ ነበር፤ በሙቀትም ብርድ ነው። ብርዱ ግን አልለቀቃቸውም። መጀመሪያ ምላጩን አስቀመጡ፤ ቀጥሎ መቀሱን፤ በመጨረሻም ቁልፉን ለልጃቸው ሰጥተው ቤታቸው ገቡ። ዛሬ ማንኪያ ወደ አፋቸው ሲወስዱ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ከተተ። ምላጭ የሚወዱ ደንበኞቹ ሲጠይቁት፣ «ምላጭ ቆዳ ያቆስላል፣ ማሽን ይሻላችኋል» እያለ አንድ በአንድ ሸኛቸው። የገዛ እንጀራውን በገዛ እጁ እየገፋ እንደሆነ አልጠፋውም። ግን ምን ያድርግ? ለሚስቱ መንገር ፈራ፤ ለሐኪም መንገር ደግሞ የበለጠ ፈራ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። ሆዱ ደግሞ የሚፈጀው ሌላ ነገር አልነበረውም።

ይባስ ብሎ፣ በሽታውን የሚያባርር መስሎት ጤና መጠበቁን አጠበቀው። በማለዳ ተነስቶ መሮጥ ጀመረ፤ ያውም በባዶ ሆዱ። ሮጦ፣ ውኃውን ጠጥቶ፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። እጁም ከበፊቱ ብሶ ይንቀጠቀጣል። ከሰዓት በኋላ ተወት ሲያደርገው፣ «ለዛሬ ማረኝ» ይላል እንጂ ለምን ብሎ አይጠይቅም። የፈራ ሰው መቼ ይጠይቃል!

ከሁሉም ያቃጠለው ግን የአባቱ ጺም ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት አባቱ ቤት ሄዶ በምላጭ ይላጫቸው ነበር። ለሌላ ሰው ጉንጫቸውን ሰጥተው አያውቁም። አሁን አንዴ «ሥራ በዛ»፣ አንዴ «ጉንፋን ይዞኛል» እያለ ቀረ። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ ምላጭ ይዞ የአባቱን ጉሮሮ እንዴት ይቅረብ?

«አባባ ጺማቸው ደረታቸው ሊደርስ ነው» አለችው ሚስቱ ልትጠይቃቸው ሄዳ ስትመለስ። «የሰፈሩን ልጅ ልጥራልዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ። ‹የሚላጨኝ ልጅ አለኝ› ነው ያሉት። ምን አስቀየሙህ?»

«ምንም። እሄዳለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

አልሄደም። በሚቀጥለው ቀን ግን ጉዱ ራሱ ፈላ። ጠዋት ከሩጫ ተመልሶ የራሱን አገጭ ሲላጭ ቆረጠው። ደሙን በጨርቅ ይዞ ሲወጣ ሚስቱ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ፀጉር አስተካካይ ራሱን ሲቆርጥ ዛሬ አየሁ» ብላ እጁን ያዘችው። ይንቀጠቀጣል። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። «ይኼ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መዋሸት አቃተው። «የአባባ በሽታ ይዞኛል» አለ። ከዚያ በኋላ ያለቀሰው እሱ ነው፤ እሷማ ነጠላዋን ደርባ፣ ጫማዋን አጥልቃ ጨርሳ ነበር። እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችው።

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። እጁን ዘርጋ አጠፍ አስደረገችው፤ አስኬደችው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስነካካችው፤ ደሙንም አስመረመረች። ከዚያ ወረቀቶቿን ገፋ አድርጋ መጠየቅ ጀመረች።

«የሚንቀጠቀጠው መቼ ነው?»

«ጠዋት ጠዋት።»

«ከሰዓትስ?»

አሰበ። «ከሰዓት… ይሻለኛል።»

«ቁርስ ምን ይበላሉ?»

«ቁርስ አልበላም። ለጤና ብዬ ትቻለሁ።»

«ምን?!» ያለችው ሐኪሟ አይደለችም፤ ሚስቱ ናት። «አንተ! ሥራ ቦታ እበላለሁ ስትለኝ?»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቁርስ በልቶ እንዲመለስ ላከችው። ማዶ ካለው ሻይ ቤት ዳቦ በእንቁላልና ስኳር ያለው ሻይ ሚስቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አፉን እያየች አስበላችው። አረፍ ብለው ሲመለሱ ሐኪሟ እጁን አስዘርግታ አንድ ስስ ወረቀት አስቀመጠችበት። ሦስቱም ወረቀቱ ላይ አፈጠጡ። ወረቀቱ ጭጭ አለ።

«እጅዎ አልታመመም። ርቦት ነው» አለች። «የአባትዎ ዓይነት ምልክት አላየሁብዎትም። ቁርስ ቢተው የሚስማማው ሰው አለ፤ እርስዎን ግን አልተስማማዎትም። ሰውነትዎ በባዶ ሆድ ሮጦ፣ ቆሞ እየዋለ፣ በምን ኃይሉ ይቀጥል? ለመሆኑ ይህን ማን መከረዎት?»

ፀጉር አስተካካዩ አልሰማትም። ወረቀቱን እያየ ነበር። እፎይታው ከእግር ጥፍሩ ተነስቶ ወደ ላይ ሲመጣ ተሰማውና ሳቀ፤ ቀጥሎ አለቀሰ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ዳቦ አማረው።

ሥራ ቦታው እንደደረሰ ንዴቱ መጣ። እንዳጋጣሚ አሠልጣኙ ወርዶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ያ ሹፌርም አጠገቡ አለ። ሹፌሩ እንኳን ሊከሳ ጨምሯል፤ የሸሚዙ ቁልፎች ጭንቅ ላይ ናቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ በምክርህ ልትገድለኝ ነበር!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ቁርስ ተው ብለኸኝ ስንት ጊዜ ጾሜን ቆምኩ!»

አሠልጣኙ ዓይኑ ፈጠጠ። «ለአንተ? እኔ መች ለአንተ አልኩ? ቁርስ ተው ያልኩት ለእሱ ነው!» ብሎ ሹፌሩን ጠቆመው። «ሌሊት በልቶ፣ ቀን ተቀምጦ ለሚውለው! ለአንተማ ጠንክረህ ብላ ነው ያልኩህ፤ ቆመህ ስለምትውል።»

«መስታወቱ ውስጥ ያየኸው እኮ እኔን ነው!»

«እጄን ጨርቅ ውስጥ ቀብረህ፣ አንገቴን በጣትህ ጠምዝዘህ ይዘህ፣ በምን ልጠቁም? በዓይኔ ወደ ኋላ ጠቆምኩ፤ አንተ መሃል ገባህበት!»

ሹፌሩ ሆዱን በሁለት እጁ ያዘ። «ቆይ፣ ቆይ… እንግዲያው ያ ‹ጠንከር አድርገህ ብላ› የእኔ አልነበረም? እኔ እኮ ‹አሠልጣኝ አዞኛል› እያልኩ ጠዋት ጠዋት የሁለት ሰው ነው የምበላው! ከሚስቴ ጋር ስንት ጊዜ ተጣላሁ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አሠልጣኙ እንኳ እንባውን እየጠረገ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጨርቁን ሳትፈታልኝ ምክር የለም» አለ። ፀጉር አስተካካዩ መሳቢያውን ከፈተና ምላጩን አወጣ።

እሑድ ጠዋት ዳቦና እንቁላል ይዞ አባቱ ቤት ሄደ። አባቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ጺማቸው ፊታቸውን ሸፍኖ ሌላ ሰው አስመስሏቸዋል። «ለምን ጠፋህ?» አላሉትም። ቁርሱን አብረው በሉ፤ አባቱን እያጎረሰ እሱም በላ። ከዚያ ውኃ አሙቆ፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ አድርጎ፣ አረፋውን ቀባቸው። ምላጩን ሲያነሳ አባቱ እጁን ያዙት።

የአባቱ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የእሱንም አብሮ ያንቀጠቅጠዋል። የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ አይለይም። አባቱ ትንሽ እንደያዙት ቆዩና ቀስ ብለው ለቀቁት። የልጁ እጅ አየር ላይ ቀረ። ምላጩን እንደያዘ፣ ፀጥ ብሎ።

አባቱ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። «መጨረሻ ስትላጨኝ የእጅህን መንቀጥቀጥ አንገቴ ላይ አውቄው ነበር» አሉ። «መምጣት ስትተውማ እርግጠኛ ሆንኩ፤ ያው የእኔ ነገር ደረሰበት አልኩ። ሌላ ሰው እንዲላጨኝ ብፈቅድ ግን ማመኔ ነው። እምቢ አልኩ።»

«ርቦኝ ነው አባባ» አለ ልጁ። «ለካ ርቦኝ ነው።»

«ርቦህ?»

«አዎ።»

አባቱ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ወደ ኋላ ደገፍ አደረጉና ጉሮሯቸውን ሰጡት። ምላጩ ከጆሮ ሥር እስከ አገጭ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደናቀፍ ወረደ። ሲጨርስ ፊታቸውን በፎጣ አደረቀላቸው። አባቱ በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ጉንጫቸውን እየደጋገሙ ዳሰሱ፤ አንዲት ፀጉር አልተረፈችም።

«ነገም ብላ» አሉት።